ከክፍሉ ኋላ የሚቀመጥ ሰው

ስለ መምህራን ሥልጠና ወሬ ሲነሳ ቶሎ የምንሄደው ወደ ወረቀቱ ነው። ዲፕሎማ ነው ዲግሪ? በመደበኛ ነው የተማረው በርቀት? ከመንግሥት ኮሌጅ ነው ከግል? ወላጅም፣ ወረዳም፣ መምህሩ ራሱም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። ይህ መምህር ሲያስተምር ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ያየው፣ ሲወጡም «እዚህ ጋ ጥሩ ነበር፣ እዚህ ጋ ግን ልጆቹ አልተከተሉህም» ያለው ሰው አለ ወይ?

መምህር ነኝ። ከመደበኛ ሥራዬ ጎን ለጎን ለብዙ ዓመታት የርቀት ተማሪዎችን ቲቶሪያል ሰጥቻለሁ። ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ ራሳቸው መምህራን ነበሩ። ሰኞ እስከ ዓርብ ያስተምራሉ፣ ማታ በኩራዝም በሶላር መብራትም ሞጁል ያነባሉ፣ ቅዳሜ እኔ ጋ ይመጣሉ። የርቀት ትምህርትን የሚንቅ ሰው ሲያጋጥመኝ ይከፋኛል። በርቀት ትምህርት ስም የሚነገደውን ሳይ ደግሞ የባሰ ይከፋኛል። የምጽፈው ሁለቱንም ስሜት ይዤ ነው።

ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ በፊትም እዚህ አገር መምህር ይሠለጥን ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ለመምህርነት የሚበቃው ሰው ረጅም ዓመታት ከመምህሩ እግር ሥር የተቀመጠ ነው። ተቀምጦ መማር ብቻም አይደለም። ገፋ ያለው ተማሪ ከሱ በታች ያሉትን ያስቀጽላል። በቅኔ ቤት አስነጋሪ የሚባለው ነባር ተማሪ የጀማሪዎቹን ቅኔ ይሰማል፣ ያርማል። እሱን ደግሞ መምህሩ ይሰማዋል። ድጓ የዘለቀ ሰው ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። እዚያ ያሉት ሊቃውንት በጆሯቸው ሰምተው ካላረጋገጡለት የድጓ መምህር አይባልም። ይህን የማነሳው የጥንቱ ሁሉ ይሻል ነበር ለማለት አይደለም። ዱላው ነበር፣ ረሃቡ ነበር፣ ሴት ልጅ ደግሞ ከደጁ አትደርስም ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን ማንም ሳይሰማው መምህር የሆነ ሰው አልነበረም።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት ያስተማሩት ከግብጽ የመጡ ኮፕቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ በተከፈቱትም ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ የውጭ አገር መምህር ነበር የሚበዛው። ኢትዮጵያዊ መምህር ቀስ በቀስ ብቅ ማለት ሲጀምር ጣሊያን መጣ። ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ደግሞ የተማሩት ሰዎች እየተለቀሙ ተገደሉ። ነጻነት ሲመለስ ትምህርት ቤት መክፈት ተቻለ፤ መምህር ግን ከየት ይምጣ?

የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ የተጀመረው በዚያ ጭንቅ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ሥራ ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሐረር ተዛወረና ሐረር የመምህራን መፍለቂያ ሆነች። ደብረ ብርሃን ተከተለች። ኮተቤ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ታሰበ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ባሕር ዳር ላይ የፔዳጎጂ አካዳሚ ተከፈተ። የዛሬው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አንዱ እግር እሱ ነው። አካዳሚው የታሰበው መምህራንን የሚያሠለጥኑ ሰዎችንና የጎልማሶች ትምህርት ባለሙያዎችን ለማውጣት ነበር። የመምህሩ መምህር ማን ነው የሚለው ጥያቄ ያኔ በደንብ ተነስቶ ነበር ማለት ነው።

ከነዚያ ማሠልጠኛዎች የወጡ መምህራን እጅ ያለፈ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። እኔን ካስተማሩኝ አንደኛው ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ፊደል ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ሰሌዳውን በጠመኔ ሦስት ቦታ ይከፍሉታል። በግራ ቀኑና ርዕሱ፣ መሀል ላይ ትምህርቱ፣ በቀኝ አዲስ ቃላት። ሲጽፉ ጀርባቸውን ሙሉ በሙሉ አይሰጡንም፣ ጎናቸውን ነው። ይህ ከየትም የመጣ አይደለም። አንድ ሰው እንዲህ ቁም፣ እንዲህ ጻፍ ብሎ አሳይቷቸዋል፣ ሲሠሩትም አይቷቸዋል።

ችግሩ ቁጥራቸው ነበር። ትምህርት ቤት ሲስፋፋ ማሠልጠኛዎቹ አልደረሱም። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 280 የሚጠጉ የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኛ አሜሪካውያን መጡና በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። ሕንዳውያን መምህራንም በዙ። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርደው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹ ያገለገሉት በማስተማር ነው። ሁሉም ባለውለታዎቻችን ናቸው። ግን አንድ ልማድ ያኔ የተተከለ ይመስለኛል። መምህር ሲጎድል ቀድሞ የሚታሰበው ክፍሉ ውስጥ ሰው ማስገባት ነው። ሰውየው ማስተማር ይችላል ወይ የሚለው በይደር ይቆያል።

ይደሩ ረዘመ። የካቲት 1966 መምህራን «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ጥናት ተቃውመው ሥራ አቆሙ፤ ከአብዮቱ መነሻዎች አንዱም ሆነ። ቀጥሎ የእድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረና አገሪቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሸለመችበት። ስንት እናት ስሟን መጻፍ የቻለችው ያኔ ነው! ይህ የማይረሳ ሥራ ነው። የመደበኛው ትምህርት ቤት መምህር ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ፣ አንድ ዓመት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም (ቲቲአይ) ገብቶ፣ ሰርተፊኬት ይዞ ወደማያውቀው ገጠር የሚላክ ወጣት ነበር። ከሄደ በኋላ የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የሆነው ግን ከዚያ በፊት ከነበረው ሁሉ ይለያል። በ1987 ዓ.ም. በአንደኛ ደረጃ የነበረው ተማሪ 3 ሚሊዮን ገደማ ነው። በ2006 ዓ.ም. 18 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላም። ለዚህ ሁሉ ልጅ መምህር ያስፈልጋል፤ ያውም በየአካባቢው ቋንቋ የሚያስተምር። ኮሌጆች ተስፋፉ። መግቢያው አሥረኛ ክፍል ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ተፈጠረ፤ ስናወራው ስለሚያሳምም እንሸሸዋለን። በአሥረኛ ክፍል ፈተና ጥሩ ያመጣው መሰናዶ ይገባ ነበር፤ ያልመጣለት ወደ ሙያ ወይም ወደ መምህራን ኮሌጅ ይመደብ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ፊደል እንዲያስቆጥር የተመረጠው፣ ሌላ ቦታ ነጥብ ያልበቃው ልጅ ሆነ። ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም። ብዙዎቹ ጎበዝ መምህር ወጥቷቸዋል። ግን ከመነሻው «አልተሳካልህም» ተብሎ ወደ አንድ ሙያ የተገፋ ሰው ሙያውን እስኪወድ ድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል?

ለውጥ አልተሞከረም አልልም። በ1995 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርት ሥርዓቱ ከላይ እስከ ታች ተከለሰ፣ ቴሶ ይሉታል። ፕራክቲከም ትልቅ ቦታ ተሰጠው። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሠልጣኙ ትምህርት ቤት ገብቶ ይይ፣ ይሞክር፣ ተመልሶ ያስብበት። መሬት ላይ ሲወርድ ግን አንድ የኮሌጅ መምህር በየትምህርት ቤቱ የተበተኑ በርካታ ሠልጣኞችን ይዞ አንዱን ለአንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ ማየት አቃተው። ተቀባዩ መምህርም ሠልጣኝ ሲመጣለት ክፍሉን አስረክቦ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። እፎይታ ነው የመሰለው፤ አልፈርድበትም። የሚከፈለው ነገር የለ፣ «አንተ እኮ አሠልጣኝ ነህ» ያለው ሰው የለ።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ ገባ። መምህሩ ስክሪኑ ሲከፈት ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ ሲዘጋ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል። መሀል ላይ ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ ያያል። ፊዚክስና ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ላልነበረው ትምህርት ቤት ከምንም ይሻል ነበር። ለጎበዙ መምህር ግን ቀኑን ሙሉ አፉን ዘግቶ መቆም ነበር። የሥራ ባልደረባዬ የነበረ የኬሚስትሪ መምህር «ተማሪው ግራ ሲጋባ ፊቱ ላይ አያለሁ፣ ማስቆም ግን አልችልም» ይለኝ ነበር። እንደኔ እምነት መምህርነት ማለት ያንን ፊት አይቶ ማስቆም ነው።

አሁን ወደ ርቀቱ ልምጣ።

በርቀት መማር ለኛ አዲስ አይደለም። በደብዳቤ ልውውጥ ማስተማር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን ተሞክሯል። ትምህርት በራዲዮንም ገጠር የተማረ ሁሉ ያስታውሰዋል። መምህሩ ራዲዮኑን ተሸክሞ ይገባል፣ እኛ ጸጥ እንላለን፣ ባትሪው ካላለቀ ትምህርቱ ይሰማል። በርቀት ዲፕሎማና ዲግሪ መያዝ በሰፊው የተለመደው ግን በ1990ዎቹ ውስጥ የግል ኮሌጆች ሲበዙ ነው። ቅድስት ማርያምንና አልፋን የማያውቅ የወረዳ ከተማ አልነበረም። ማስተባበሪያ ማዕከል ይከፈታል፣ ሞጁል በካርቶን ይመጣል፣ አሳይመንት ይሰበሰባል፣ ቲቶሪያል ይሰጣል፣ ፈተና ይሰጣል። መንግሥትም መምህራኑን ከሰርተፊኬት ወደ ዲፕሎማ ለማሳደግ የተጠቀመው ይህንኑ መንገድና የክረምቱን ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያ ሳይክል (ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል) መምህር ዲፕሎማ ይኑረው ሲባል በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሰው ከሥራው ነቅሎ ኮሌጅ ማስገባት አይቻልም ነበር። ትምህርቱ ወደ ሰውየው መሄድ ነበረበት።

ለዚህ ነው የርቀት ትምህርትን ባጠቃላይ የሚያጣጥሉ ሰዎች የሚያናድዱኝ። ሁለት ልጅ ያላት፣ ባሏ ሌላ ወረዳ የሚሠራ፣ ከአስፋልት የሦስት ሰዓት እግር መንገድ ላይ የምታስተምር መምህርት በየት በኩል ዩኒቨርሲቲ ትግባ? ከትንሽ ደመወዟ ቆርሳ ከፍላ ተማረች። ያለ ርቀት ትምህርት የዚህች ሴት በር ዝግ ነበር።

ነሐሴ 2002 ላይ መንግሥት የርቀት ትምህርትን በግልም በመንግሥትም ተቋማት ድንገት ከለከለ። የግል ተቋማት ደግሞ መምህራንንና የሕግ ባለሙያዎችን እንዳያሠለጥኑ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከድርድር በኋላ የርቀቱ እገዳ ተነሳ። የመምህርነትና የሕጉ ክልከላ ግን ባለበት ቀጠለ። ያን ክረምት አስታውሰዋለሁ። ተማሪዎቼ በስልክ «ቲቸር፣ የከፈልነውስ? የተማርነውስ ይቆጠራል?» ይሉኝ ነበር። የምመልስላቸው አልነበረኝም። ለእገዳው የተሰጠው ምክንያት ጥራት ነው። ውሸት አልነበረም። ቤቱን ለማጽዳት የተመረጠው መንገድ ግን ውስጡ ያሉትን ሰዎች አስደነገጠ።

ጥራቱ ምን ይመስል እንደነበር በቅርብ አይቻለሁና ልናገር። የማስተምርበት ማዕከል አጠገብ የፎቶ ኮፒ ቤቶች ነበሩ። የአሳይመንት ማስረከቢያ ሲቃረብ ደንበኛቸው ይበዛል። ያለቀለት አሳይመንት ይሸጣል፣ ስም ብቻ ይቀየራል። አንዳንዴ አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት በአሥር ሰው ወረቀት ላይ አገኛለሁ። ሪፖርት ሳደርግ ከማዕከሉ ያገኘሁት መልስ ቶሎ አርመህ ነጥብ አስገባ የሚል ነበር። ተማሪው ከፍሏል፣ ተማሪው መመረቅ አለበት። የሚያሳዝነው ግን አሳይመንት የሚገዙት ሁሉ ሰነፎች አልነበሩም። ጥያቄው ራሱ ከሥራቸው ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። «የሚከተሉትን ቃላት ተርጉም፣ አምስት ጥቅሞችን ዘርዝር።» ስድሳና ሰባ ልጅ ፊት ቆማ የምትውል ሴት የቡድን ሥራን አምስት ጥቅሞች ከሞጁሉ ገጽ ገልብጣ ብትጽፍ ማን ምን ይማራል?

አንድ ቅዳሜ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ቲቶሪያሉ የሒሳብ ማስተማሪያ ዘዴ ነበር። ሞጁሉ ላይ ላዕልና ታሕት ተተርጉመዋል፣ የክፍልፋይ ዓይነቶች ተዘርዝረዋል። ከኋላ የተቀመጠች፣ ሕፃን ያዘለች መምህርት እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ ይገባኛል። የእኔ ልጆች ግን ሁሌም አንድ አራተኛ ከአንድ ሦስተኛ ይበልጣል ይሉኛል። አራት ከሦስት ይበልጣላ! ይበልጣል አይደል? እንዴት ላስተዋቸው?»

ክፍሉ ነቃ። ሁሉም የራሱ ልጆች እንዲሁ ይሉታል። አንዱ ወረቀት እጠፊ አላት። ሌላዋ ዳቦ ቆርሰሽ አሳያቸው አለች፤ «ሰባ ልጅ ፊት ዳቦ ይዤ ልግባ? ቁርስ ሳይበሉ የመጡ ናቸው እኮ» ተባለች። ልክ ነበረች። ከዚያ ጠና ያሉ፣ ጡረታ የተቃረቡ መምህር ተነሱና እንዲህ አሉ፦

«ገመድ ያዢ፣ ልጄ። ሁለት እኩል ገመድ። አንዱን ሦስት ቦታ አጥፊ፣ አንዱን አራት ቦታ። ልጆቹ ራሳቸው ያጥፉት። ከዚያ አንዷን እጥፋት ከአንዷ ጋር ያስተያዩ። አንቺ ምንም አትናገሪ።»

ሞጁሉን ዘጋሁት። የቀረውን ሰዓት በዚህ ጨረስን። ገመድ ከየት ይመጣል፣ ልጆቹ እንዴት ይከፋፈላሉ፣ ዴስኮቹ የተጣበቁ ስለሆኑ ከፊት ያሉት ወደ ኋላ ዞረው ከሚቀጥሉት ጋር ይሥሩ ወይስ ውጭ ሜዳ ላይ ይሻላል። በሚቀጥለው ቲቶሪያል መጣችና ነገረችን። ሜዳ ላይ አወጣቻቸው። ገመድ ስላልበቃ ልጆቹ ልጥ ልጠው አመጡ። አንድ ልጅ እጥፋቶቹን አስተያይቶ «እንዴ! ሲበዛ ያንሳል!» ብሎ ጮኸ። ይህን ስትናገር ፊቷ በርቶ ነበር። ሌሎቹም እንሞክረዋለን አሉ።

በዚያ ሴሚስተር ከተሰጠው ሥልጠና ሁሉ የተሻለው ያ ነበር። የተፈጠረው ግን በአጋጣሚ ነው። ነጥብ አልተያዘበትም። ትራንስክሪፕቷ ላይ የለም። ሄዶ ያያትም የለም፤ እኔም ብሆን የሰማሁት ከአፏ ነው። ማዕከሉ ለኔ የሚከፍለው በቲቶሪያል ሰዓት ነበር፤ ትምህርት ቤቷ ድረስ ለመሄድ የታሰበ በጀትም ፎርምም አልነበረም።

ብዙ ሳስብ የቆየሁት ይህን ነው። የርቀት ትምህርት ለመምህር አይሆንም ይባላል። እኔ ተቃራኒውን ነው የማምነው። ከርቀት ተማሪዎች ሁሉ የተሻለ ዕድል ያለው መምህሩ ነው። በርቀት አካውንቲንግ የሚማር ልጅ መሥሪያ ቤት ላይኖረው ይችላል። በርቀት የሚማረው መምህር ግን እሁድ ያነበበውን ሰኞ ጠዋት የሚሞክርበት ክፍል አለው፣ ልጆች አሉት፣ ደብተር አለው። መደበኛው የኮሌጅ ሠልጣኝ ይህ የለውም። በክረምት የሚማረውም የለውም። የክረምቱ ፕሮግራም የሚሰጠው ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ወቅት ነው። መምህራኑ በዝናብ ዶርም ተቃቅፈው፣ የሴሚስተር ኮርስ በጥቂት ሳምንት ተጭኖባቸው፣ ስለ ማስተማር ዘዴ ይማራሉ፤ የሚሞክሩበት ተማሪ ግን ከብት ጥበቃ ላይ ነው። መስከረም ሲመጣ የሐምሌው ትምህርት ተረስቷል።

ይህን ዕድል ይዘን ሳለ ሞጁሉን የምናዘጋጀው አንባቢው ክፍል የሌለው ይመስል ነው። የትኛውም ገጽ ላይ «ነገ ይህን ሞክሪ፣ ምን እንደሆነም ጻፊ» የሚል አላየሁም። የፈተናው ጥያቄ ምርጫና እውነት/ሐሰት ነው።

ቁጥጥር የለም ለማለት አይደለም። የክላስተር (የጎረቤት ትምህርት ቤቶች ቡድን) ሱፐርቫይዘር አለ። ይመጣል፤ ሲመጣ ግን ቼክሊስት ይዞ ነው። የትምህርት ዕቅድ ተዘጋጅቷል? ዓመታዊ ዕቅድ ተለጥፏል? የተሙማ (የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ፋይል ተሟልቷል? ተከታታይ የሙያ ማሻሻያው የተጀመረው መምህራን እርስ በርስ እንዲማማሩ ነበር። ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤት ለደረጃ እድገት የሚሞላ ፎርም ሆኗል። ከመለስተኛ መምህር ወደ መምህር፣ ከመምህር ወደ ከፍተኛ መምህር ለማደግ ፋይሉ መወፈር አለበት። ሱፐርቫይዘሩም ምስኪን ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ይዟል፣ ወረዳው ሪፖርት ይጠይቀዋል፣ መጓጓዣ የለውም። ከክፍሉ ኋላ አርባ ደቂቃ ቁጭ ቢል ሪፖርቱ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለም።

ውጤቱን ሁላችንም አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶው በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተጻፈ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። በ2014 ዓ.ም. በተሰጠው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ያን ሰሞን ሁሉም ተማሪውን ወቀሰ፣ ቀጥሎ መምህሩን። እኔን ያሳሰበኝ የመጀመሪያው ቁጥር ነው። እነዚያ ፊደል ያልለዩ ልጆችና እነዚህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የወደቁ ልጆች ሩቅ ለሩቅ አይደሉም፤ በእድሜ ተቀራራቢ ናቸው። ሁለተኛ ክፍል ላይ ንባብ የሚያስተምር መምህር ደግሞ ንባብ እንዴት እንደሚያስተምር በደንብ ያሳየው ሰው ከሌለ፣ እሱ የተማረበትን መንገድ ይደግማል። ሀ ሁ ሂ በዜማ ያስደግማል። ልጁ ዜማውን ያውቀዋል፤ ፊደሉን ለይቶ ስታሳየው አያውቀውም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጥቷል። በዲግሪ ደረጃ የሚማሩ የርቀት ተማሪዎችም ይፈተናሉ። በርቀት ትምህርት ወረቀት ብቻ ለሚሸጡ ሰዎች ጥሩ ልጓም ነው፤ እደግፈዋለሁ። የአሳይመንት ገበያውንም የሚያቀዘቅዘው ይመስለኛል። ነገር ግን ይህም የወረቀት ፈተና ነው። ያቺ መምህርት ልጆቿን ሜዳ አውጥታ በገመድ ያስተማረችውን አይጠይቃትም።

ደመወዙንም ሳልጠቅስ አላልፍም። የቤት ኪራይ ከፍሎ ወር የማይደርስ ሰው ላይ ሥልጠና መጨመር ብቻውን የትም አያደርስም። ባለፉት ዓመታት በጦርነቱ ትምህርት ቤታቸው የፈረሰባቸው፣ ወራት ያለ ደመወዝ የቆዩ መምህራን አሉ። ለእነሱ ስለ ማስተማር ዘዴ ማውራት የሚያሳፍርበት ጊዜ አለ። ቢሆንም ከእነሱው የምሰማው ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ ገንዘብ አይደለም። «ትክክል እየሠራሁ መሆኔን የሚነግረኝ ሰው የለም» ይላሉ። ይህ የብቸኝነት ስሜት ብዙ ሰው ከሙያው ያስወጣል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ስልክ አለ። በኮቪድ ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ቴሌግራም ለትምህርት ምን ያህል እንደሚያገለግል አይተናል፤ ስልክና ኔትወርክ ለሌለው ልጅ ምንም እንዳልፈየደም አይተናል። ለመምህሩ ግን ይጠቅማል። አንድ መምህርት የአሥር ደቂቃ ትምህርቷን በድምፅ ቀድታ፣ ኔትወርክ ያለበት ከተማ ስትወጣ ብትልከው፣ ቲውተሩ አዳምጦ በድምፅ ቢመልስላት፣ ይህ ዛሬ የሚቻል ነገር ነው። ከተማሪዎቼ ጋር በግላችን ሞክረነዋል። የልጆቹ ድምፅ ይሰማል፤ መምህሩ ጥያቄ ጠይቆ መልስ ሳይጠብቅ ራሱ ሲመልስ ይሰማል። «ጥያቄህን ጠይቀህ በልብህ አምስት ቁጠር» አልኩት አንዱን። በሚቀጥለው ቅጂ ጸጥታው አለ፣ ከጸጥታው በኋላም የልጅ መልስ አለ።

ስልኩ ግን በአካል የሚሄደውን ሰው አይተካውም፤ ያግዘዋል እንጂ። የርቀት ተቋማት ከኮርሱ ነጥብ ቢያንስ ሲሶው ክፍል ውስጥ ታይቶ የሚሰጥ ይሁን ቢባሉ፣ ለአንድ ተማሪ በሴሚስተር አንድ ጉብኝት ማሰብ ነው። ተማሪው በየሴሚስተሩ ከሚከፍለው ላይ ለዚህ የሚሆን አይጠፋም። ለሁሉም ቲውተር መላክም አያስፈልግም። ገመድ ያዢ ያሉት ዓይነት ነባር መምህር በየክላስተሩ አለ፤ ጡረታ ወጥተው ቤት የተቀመጡ ብዙዎች አሉ፣ ቢጠየቁ ደስ ይላቸዋል። በሳምንት ሁለት ቀን የጎረቤት ትምህርት ቤቶችን ክፍል እየገቡ እንዲያዩ አበል ቢቆረጥላቸው፣ ሱፐርቫይዘሩም ከቼክሊስቱ ግማሹ ተነስቶለት ለሞተር ብስክሌቱ ቤንዚን ቢመደብለት ከዚህ ዓመት መጀመር ይቻላል። የወረዳ በጀት የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ካነበቡ የምለምናቸው ያንን አንድ መስመር ነው፤ ቤንዚንና የነባር መምህራን አበል።